በመረሬ ጓሮ ጎመን ለማብቀል፦ በበሰበሰ ግንድ ላይ የሚሠራ ከፍ ያለ መደብ

ከደጋው አጥቢያዎች ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሣው የጓሮ አትክልት ጉዳይ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ዘሩን ሰጣችሁን፣ ችግኙንም አፈላን፤ ሐምሌ ሲገባ ግን ጎመኑ ቢጫ ሆኖ ቆመ፣ ሽንኩርቱም ከሥሩ በሰበሰ። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የምናጠጣው ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል። ምን እናድርግ?» ጥያቄው የመጣበትን ቦታ ስንመለከት አፈሩ ሁልጊዜ ያው ነው። በሸዋ መረሬ፣ በጎጃምና በጎንደር ዋልካ፣ በኦሮምኛ ኮትቻ የሚባለው ጥቁሩ የሸክላ አፈር ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው አንደኛውን ነው፤ ይኸውም የበሰበሰ ግንድ በመሬቱ ላይ ደርድሮ፣ ቅጠልና ፍግ አልብሶ፣ በዚያ ላይ አፈር ከምሮ ከፍ ያለ የአትክልት መደብ መሥራት ነው። መደብ ስንል በየቤቱ ግድግዳ ሥር እንግዳ የሚቀመጥበትን የጭቃ መደብ አስቡ፤ ቁመቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ይህ ዘዴ በሌላ አገር የተለመደ ነው። እንዳለ ተገልብጦ ቢወሰድ ግን በእኛ መሬትና በእኛ ማጀት ላይ ሁለት ጉዳት ያመጣል። የምንጽፈውም በተለይ ስለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ስንል ነው።

መረሬ ለምን እንዲህ ይሆናል?

መረሬ ከመቶው ከ30 እጅ የማያንሰው፣ ብዙውን ጊዜም ከግማሽ የሚበልጠው፣ እጅግ የደቀቀ ሸክላ ነው። ይህ ሸክላ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ በስንጥቁ ውስጥ በፍጥነት ይገባል። አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ሲዘጋ ግን ከዚያ በኋላ የሚጥለው ዝናብ መግቢያ ስለሚያጣ በላዩ ላይ ይተኛል። ተክል በሥሩም እንደሚተነፍስ ማስታወስ ያስፈልጋል። አየር የነበረበትን ቀዳዳ ውኃ ሲሞላው ሥሩ ይታፈናል፤ በአፈሩ ውስጥ ያለውም ናይትሮጂን ከፊሉ ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። የጎመኑ ቢጫነት የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙዎች በሽታ መስሏቸው መድኃኒት ሲፈልጉ ይታያሉ፤ ገንዘቡም ጊዜውም በከንቱ ይጠፋል።

ሆኖም መረሬ መካን አፈር አይደለም። ስመ ጥሩው የአድዓ ጤፍ የሚበቅለው በዚሁ ጥቁር አፈር ላይ ነው። በኢትዮጵያ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት ይህ አፈር እንደሆነ፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋው እንደሚገኝ ይገመታል። በሳይንስ ቨርቲሶል ይባላል፤ ቃሉም መገላበጥ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። በበጋ የላይኛው አፈር በስንጥቁ ውስጥ ይወድቃል፤ በክረምት ደግሞ የታችኛው እያበጠ ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ዓይነት አፈሩ ከዓመት ወደ ዓመት ራሱን ይገላብጣል። ስለዚህ በመረሬ ላይ ጥቂት ቁፋሮ ስታደርጉ ከታች የሚወጣው አፈር ከላይኛው እጅግ የተለየ አይሆንም፤ ይህም ኋላ ለሥራችን ይረዳናል።

ገበሬዎቻችን ለዚህ አፈር ከጥንት ጀምሮ መላ አላቸው። አንዱ መላ ውኃው እስኪጎድል ጠብቆ ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ መዝራት ነው። ሁለተኛው መሬቱን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ውኃውን ማሳለፍ ነው። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከነቤተ ሰባቸው፣ ሴቶችና ልጆችም ጭምር፣ በታረሰው መሬት ላይ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ መደብና ቦይ ያወጣሉ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ይህን ድካም ለማቃለል በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካ የተባለው የአፍሪካ እንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ የምርምር ተቋሞች ጋር ሆኖ ሁለት ማረሻዎችን በማጣመር በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ያወጣል። ይህን ሁሉ የምናነሣው ከፍ ያለ መደብ ከውጭ የመጣ አዲስ ጥበብ እንዳይመስል ነው። አዲሱ ነገር ከሥሩ የሚገባው እንጨት ብቻ ነው።

እንጨቱ ምን ይሠራል?

በእንጨት ላይ መደብ መሥራትን በመጽሐፍ ያስታወቁት ጀርመኖች ናቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. ሄርማን አንድሬ የተባለ አትክልተኛ ስለዚሁ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ዘዴውንም በጀርመንኛ «የጉብታ እርሻ» አለው። ኋላም ዜፕ ሆልዘር የተባለው ኦስትሪያዊ ገበሬ በተራራማው እርሻው ላይ እየሠራ በብዙ አገር እንዲታወቅ አደረገው።

አሠራሩ የተወሰደው በዱር ከሚታየው ነገር ነው። በጫካ ውስጥ ወድቆ የበሰበሰ ግንድ ላይ ሣርና ችግኝ በቅሎ ያላየ ሰው የለም። እንጨት ሲበሰብስ ጥንካሬውን የሚሰጠው ነገር በሻጋታ ይበላና ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይሞላል፤ ያን ጊዜ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል። በክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ በቀስ ይለቃል። የአትክልቱ ሥርም እየወረደ ይደርስበታል። በሸክላ አፈር ላይ ሌላም አገልግሎት አለው። በግንዶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ለአየር መተላለፊያ፣ ለትርፍ ውኃ ደግሞ መውረጃ ይሆናል። ግንዱ ጨርሶ ሲፈርስም አፈሩን የሚያለሰልስ ጥቁር ብስባሽ ይተዋል።

ይህን ዘዴ ለማንኛውም ጓሮ ፍቱን መድኃኒት አድርገው የሚያወሩ አሉ። እኛ እንዲህ አንልም። በመረሬ ላይ ጎመኑን ከመታፈን የሚያድነው በመጀመሪያ የመደቡ ከፍታ፣ ቀጥሎም የቦዩ መውጫ ነው። እንጨቱ በሦስተኛ ደረጃ የሚመጣ ረዳት ነው፤ የሚጠቅመውም ይልቁን በበጋው ወራት ነው። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለውን በቀላሉ ይረዳዋል።

የሚነድ እንጨት አይቀበርም

በአንድ አጥቢያ ቅጥር ግቢ ይህን አሠራር ስናስረዳ አንዲት አረጋዊት እናት እጃቸውን አነሡና፣ «ልጆቼ፣ እናንተ እንጨቱን የምትቀብሩት ከሆነ እኔ ምን ልማግድ?» አሉ። ጉባኤው ሳቀ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

በአውሮፓ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ለባለ ጓሮው የሚጣልበት ቦታ የቸገረው ነገር ነው። በእኛ አገር ግን ጭራሮ እንኳ ሳይቀር ባለቤት አለው። ከእንጦጦ ቁልቁለት የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ለሚወርዱት ሴቶች እንጨት ቅበሩ ብሎ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይገባል። ነገሩ በዚህም አያበቃም። እንጨት ሲጠፋ ኩበት ይነዳል፤ ኩበት ሲነድ ለመሬቱ ሊደርስ የነበረው ፍግ ይጠፋል። ስለዚህ የሚነድ እንጨት የቀበረ ሰው፣ ዞሮ ዞሮ ፍጉንም በምድጃ ላይ አቃጠለው ማለት ነው።

እንግዲህ ሕጋችን አጭር ነው፤ ለመደብ የሚውለው ለማገዶ የማይሆን እንጨት ብቻ ነው። ይህም በየግቢው ከምናስበው በላይ ይገኛል። ከተቆረጠ ብዙ ዓመት ሆኖት ማቆጥቆጡን የተወና የተፈረካከሰ የባሕር ዛፍ ጉቶ፣ ከመሬት በታች የበሰበሰ የአጥር እንጨት፣ ከፈረሰ የጭቃ ቤት የወጣ የነቀዘ ማገርና ወጋግራ፣ ወድቆ የሻገተ ግንድ ሁሉ ይሆናል። በምድጃ ቢገባ ጭሱ ዓይን የሚያወጣ፣ ሙቀት ግን የማይሰጥ ዓይነት ማለታችን ነው። የሚለየውም እንዲህ ነው፦ በጥፍር ወይም በቢላዋ ጫፍ ሲወጉት ይገባል፤ ሲደርቅ ከመጠኑ በላይ ይቀልላል፣ ዝናብ ሲመታው ደግሞ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። እንሰት በሚተከልበት አገር የእንሰት፣ በወይና ደጋውም የሙዝ ግንድ ይገባል፤ እነዚህ ቶሎ ስለሚፈርሱ ግን እንደ እንጨት ብዙ ዓመት አይቆዩም።

የሚቀበረውን እንጨት የምትመርጠው በምድጃው አጠገብ የምትቀመጠው እናት ትሁን። የፕሮጀክት ሠራተኛውም ሆነ አባወራው ይህን ሥልጣን አይውሰዱባት። እርስዋ ይህ አይነድም ያለችው ይቀበራል፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ ያለችው ይቀመጣል። ምንም ካልተገኘ ደግሞ መደቡን ያለ እንጨት ሥሩ። ቀደም ብለን እንዳልነው ዋናው ከፍታው ነውና።

እዚህ ላይ የማይገቡትንም መጥቀስ ያስፈልጋል። ወይራና ጥድ ለአጥር የሚፈለጉት ቶሎ ስለማይበሰብሱ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። እርጥብ የኮርች ወይም የቅንጭብ ቅርንጫፍ ከተቀበረ ይበቅልና መደቡን አጥር ያደርገዋል። የባሕር ዛፍ እንጨት ብዙ ክረምት የመታውና የበሰበሰው ይሆናል፤ እርጥቡና ቅጠሉ ግን ዘር እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር ስላለው ይቅር። የመብራትና የስልክ ምሰሶ የነበረ እንጨት መርዝ የተነከረ ነው። ቀለም የተቀባ ጣውላም አይገባም። በተለይ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ምስጥ እንዳይበላው ብለው የአጥር እንጨትን ጫፍ በተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚነክሩ አሉ። እንዲህ ያለውን ጫፍ ቆርጣችሁ አውጡት፤ የሚበላ ነገር አጠገብ አይድረስ።

ጉድጓድ አትቆፍሩ

ሁለተኛው ጉዳት ይህ ነው። ከውጭ የመጡት መመሪያዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ግንዱንም በውስጡ አስገቡ ይላሉ። ውኃ በሚያሰርግ አሸዋማ መሬት ላይ ምክሩ መልካም ነው፤ እርጥበቱ ከታች ይጠበቃል። በመረሬ ላይ ግን የተቆፈረ ጉድጓድ ከሸክላ የተሠራ ገንዳ ነው። ዝናቡ ገብቶ ይሞላዋል እንጂ ወዴትም አይወርድም።

ይህን በአንድ የትምህርት ቤት ጓሮ አይተናል። የጓሮው ኃላፊዎች ጉልበት ሳይቆጥቡ ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረው፣ ግንዱን ደርድረው፣ በላዩ አፈር መለሱበት፤ ለዓይን ያማረ ሥራ ነበር። ነሐሴ ላይ አትክልቱ ሁሉ ረገፈ። ምክንያቱን ለማወቅ አንዱን ጎን ሲከፍቱት የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ውኃ ወጣ። እንጨት የሚበሰብሰው በአየር በሚኖሩ ሻጋታዎችና ትላትሎች ነው። ውኃ ውስጥ ከሰጠመና አየር ካጣ መበስበሱ ይቆማል፤ በረግረግ ውስጥ የተቀበረ ግንድ ለብዙ ዘመን ሳይፈርስ መገኘቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ በጉድጓድ ውስጥ ያለው እንጨት ስፖንጅ አይሆንም፤ በላዩ ያለውንም ሥር ያንቃል።

በመረሬ ላይ ሥራው ሁሉ ከመሬት ወደ ላይ ነው። በጥቂቱ ዘንበል ያለ፣ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ምረጡ። 1.2 ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ርዝመት ለክታችሁ በችካልና በገመድ ምልክት አድርጉ፤ ይህን ያህል ስፋት ከሁለቱም ወገን ቆሞ እጅ ዘርግቶ ለመሥራት ይመቻል። ሣሩን አጭዱት፤ መሬቱንም በዶማ አንድ ስንዝር ያህል አላሉት እንጂ አፈሩን አታውጡ። ከዚያም በመደቡ ግራና ቀኝ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ቦዩ ወደ ዝቅተኛው ወገን መውጫ ይኑረው፤ መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው። የጎረቤትን ደጅ የሚያጥለቀልቅ መውጫም መውጫ አይባልም፤ አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

የቦዩን አፈር የምታወጡት ለመደቡ ነው። ሒሳቡም እንዲህ ይገጥማል፦ አንዱ ቦይ 4 ሜትር ሲባዛ በ0.4፣ ሲባዛ በ0.3፣ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ ሁለቱ ቦዮች ሲደመሩ አንድ ሜትር ኩብ ለመሙላት ጥቂት ይጎድላቸዋል። መደቡ 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ለማልበስ የሚያስፈልገውም ይኸው መጠን ነው። ስለዚህ ከሌላ ቦታ አፈር በመኪና ማስመጣት አያስፈልግም። ክብደቱ ግን ከአንድ ቶን ያልፋል፤ ሁለት ጎልማሶችን ቀኑን ሙሉ የሚያለፋ ሥራ መሆኑን አስቀድሞ መናገር ይገባል።

ወፍራሞቹን ግንዶች ከታች አጋድሙ፤ ቁመታቸው 30 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ደርድሩ። በመካከላቸው ያለውን ትልቅ ክፍተት በስብርባሪ እንጨትና በአፈር ጠቅጥቁት፤ ክፍት ከተተወ የአይጥ ቤት ይሆናል። ግንዱ ደረቅ ከሆነ ውኃ አጠጡት፤ ደረቅ እንጨት በደረቅ አፈር ተሸፍኖ ቢቀመጥ ዝናቡ ቢመጣም ቶሎ አይጠጣም። በዚያ ላይ አረም፣ ቅጠልና ከብት የተወውን ገለባ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ቀጥሎም የበሰለ ፍግ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጉ። አፈሩ መጨረሻ ይመጣል። ከቦዩ የወጣውን ጓል ሰባብራችሁ፣ ብስባሽ ካላችሁም ቀላቅላችሁ ከምሩት። ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ካለ ዝናብ ይንደዋል፤ ስለዚህ አጋድሙት፣ ግርጌውንም በድንጋይ አስይዙት። አናቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከመካከሉ በጥቂቱ ከፍ ይበል። ሲያልቅ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል።

ሥራው መቼ ይሠራ?

መረሬ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሙጫ ነው፤ የሚሠራበት ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለ አጭር ወቅት ነው። እፍኝ አፈር ጨብጣችሁ ጫን በሉት። ጣት ላይ ተለጥፎ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ጥቂት ቀን ጠብቁ፤ ከተፈረፈረ ጊዜው ነው። በልግ በሚያገኝ አገር ሚያዝያና ግንቦት ይመቻሉ። በዚህ ጊዜ የተሠራ መደብ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይጠጣል፤ ለመስከረም ችግኝም ዝግጁ ይሆናል። በልግ የሌለበት ቦታ የመጀመሪያዎቹን የክረምት ዝናቦች ጠብቃችሁ ሐምሌ ሳይገባ ጨርሱ።

የመጀመሪያው ዓመት ቢጫነት

አዲስ መደብ ላይ የተተከለ ጎመን አንዳንድ ጊዜ ቢጫ ይሆናል። ይህ ከውኃ ብዛት የመጣው አይደለም፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። እንጨት የሚያፈርሱት ረቂቅ ሕዋሳት ካርቦንና ናይትሮጂን ይመገባሉ። ካርቦኑን እንጀራ፣ ናይትሮጂኑን ወጥ ብለን እናስበው። ለአንድ እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ቢያገኙ ይስማማቸዋል። የከብት ፍግ ከዚህ ብዙም አይርቅም። እንጨት ግን ለአንድ እጅ ናይትሮጂን በመቶዎች የሚቆጠር እጅ ካርቦን አለው፤ የደረቀ እንጀራ ክምር ነው። ስለዚህ ወጥ ፍለጋ በዙሪያቸው ወዳለው አፈር ይወጣሉ፣ የተክሉንም ድርሻ ይወስዳሉ። እንጨቱ ሲያልቅና እነርሱ ሲሞቱ የወሰዱትን ይመልሳሉ፤ ጎመኑ ግን እስከዚያ አይጠብቅም።

ይህ ችግር የሚበረታው ስብርባሪው እየደቀቀ በሄደ መጠን ነው። ሰጋቱራ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ተክሉን በጣም ይጎዳዋል። ወፍራም ግንድ ግን የሚነካካው በውጭ ገጹ ብቻ ስለሆነ ቀስ እያለ ይወስዳል። ቀድሞ የበሰበሰ እንጨት የምንመርጥበት ሌላው ምክንያትም ይኸው ነው፤ ረኃቡን አብዛኛውን በሌላ ቦታ አሳልፏል።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። በመጀመሪያው ክረምት ባቄላ ወይም አተር ዝሩበት፤ እነዚህ ናይትሮጂንን ከአየር ስለሚያገኙ የማንንም ድርሻ አይሻሙም። ሲነሡም ሥራቸውን ሳትነቅሉ ከአፈሩ በላይ እጨዱ። ከዚያ በመስከረም ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በችግኝ ይገባል። ካሮትና ቀይ ሥር ለሁለተኛው ዓመት ይቆዩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ሥራቸው ከጓልና ከእንጨት ጋር እየተጋጨ ይጣመማል። ቢጫነቱ ከታየ ፍግ በውኃ ዘፍዝፋችሁ አጠጡ። የሰው ሽንትም በአሥር እጅ ውኃ ተበርዞ ሥሩ አጠገብ ቢፈስስ ቶሎ ይደርስለታል። ይህን ስንናገር የሚያፍሩ አሉ፤ ዩሪያ ተብሎ በከረጢት የሚሸጠው ማዳበሪያ ግን ስሙ የተወሰደው ከዚሁ ነው። ቅጠሉን አታስነኩት፤ ሊቀጠፍ አንድ ወር ሲቀረውም አቁሙ።

በበጋው ወራት

ጥቅምት ሲያልፍ መደቡ ከሜዳው ቀድሞ መድረቅ ይጀምራል፤ ከፍ ያለ ነገር ሁሉ ነፋስና ፀሐይ ያገኘዋልና። ሸክላው ደግሞ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ የላይ ልባስ ግዴታ ነው፤ አራት ጣት ያህል የደረቀ ሣር፣ አረም ወይም የተራገፈ የባቄላ ገለባ አልብሱት። የጤፍ ጭድ ለከብትና ለምርጊት ስለሚፈለግ ከእርሱ ጋር አትሻሙ። ስንጥቅ ከታየ ብስባሽ ሙሉበት እንጂ ውኃ አታፍስሱበት። ውኃ ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን ሁለት አንጓ ያህል አስገቡ፤ ከታች ርጥበት ካለ ባልዲውን መልሱት።

መደቡ ይሰምጣል። በመጀመሪያው ዓመት ከቁመቱ ብዙ ሲቀንስ አይታችሁ ሥራው ተበላሸ አትበሉ፤ እንጨቱ እየፈረሰ፣ ክፍተቱም እየሞላ ነው። በየዓመቱ ቦዩን ስትጠርጉ የሚወጣውን ደለል መልሳችሁ በላዩ ላይ አድርጉት።

ይህ አሠራር የማይሆንበት ቦታም አለ። ምስጥ በበረታበት አገር፣ ለምሳሌ በወለጋ ብዙ ወረዳዎች፣ እንጨት በጓሮ መቅበር ምስጥን ግብር ማብላት ነው፤ እዚያ ያለ እንጨት ሥሩ። ምስጥ በማይበዛበት ደጋም ቢሆን ከቤት ግድግዳ አጠገብ አይሁን፤ ቤታችንም የእንጨትና የጭቃ ነውና። በቀጥ ያለ ተዳፋት ላይም አይሠራ። በውኃ የተሞላ ክምር ከነግንዱ ተንዶ ከታች ያለውን ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር እንጨምራለን። በሰኔ የተሠሩትን መደቦች ቆጥሮ ሪፖርት መላክ ቀላል ነው። በጥር ሄዳችሁ ግን ከመደቡ ምን እንደተቀጠፈና ማን እንደበላው ጠይቁ። በአንድ ግቢ ከአንድ መደብ በላይ አታሠሩ፤ አጠገቡም ያለ እንጨት አንድ ተመሳሳይ መደብ ይኑር። በበጋ የትኛው ውኃ ቶሎ እንደሚጠይቅ ባለቤቶቹ ራሳቸው ያዩታል፤ በሁለተኛው ዓመት እንጨት ፍለጋ መድከም ይገባ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚወስኑትም እነርሱ ናቸው።

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት መደቡ ከጉልበት በታች ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ ጎኑን በዶማ ከፍታችሁ ተመልከቱ። ግንዱ በእጅ የሚፈረፈር ጥቁር አፈር ሆኖ ከተገኘ ከሸክላው ጋር ደባልቁትና መደቡን እንደ ቀድሞው ቅርጽ ስጡት። ቦዮቹን ክፍት አድርጋችሁ ያዙ፤ እንጨቱ ቢያልቅም ውኃው በየክረምቱ ይመጣል። አዲስ የበሰበሰ ግንድ ከተገኘ ደግሞ ሌላ መደብ በሌላ ቦታ ይጀመራል፤ በአሮጌው ላይ ሽንኩርትና ካሮት ትከሉ።